የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ

የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ለተሳቢው ፍሬን የኤሌክትሪክ ኃይል መጥኖ የሚልክ መሣሪያ ነው። የሚገጠመው ከሹፌሩ አጠገብ ነው። በብዛት የሚገኘው በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ሲሆን፣ በዚያ ብዙ ቤተሰቦች የካምፕ ቤት ወይም የፈረስ መጫኛ በኤስዩቪ ይጎትታሉ። በኢትዮጵያ መንገዶች የሚታዩት የከባድ መኪና ተሳቢዎች በአየር ፍሬን ስለሚያዙ ይህ መጣጥፍ እነርሱን አይመለከትም።

አሠራር

በተሳቢው እያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ አንድ ኤሌክትሮማግኔት አለ። ኃይል ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይጣበቃል፤ ታምቡሩም ጥቂት ይዞት ሲሄድ ማግኔቱ የታሰረበት ክንድ ሸራዎቹን ይከፍታል። ዋናው ጉልበት የሚመጣው ከጎማው መሽከርከር ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚያስጀምረው ብቻ ነው። በተለመዱት ባለ 10 እና ባለ 12 ኢንች ታምቡሮች አንድ ማግኔት በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ በጠቅላላው ወደ 12 አምፔር ይፈልጋል።

ታሪክ

የተሳቢ ኤሌክትሪክ ፍሬን አጀማመር አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካዊው አርተር ዋርነር ስም ጋር ይያያዛል። ዋርነር የቤሎይት፣ ዊስኮንሲን ነዋሪ ሲሆን አስቀድሞ የታወቀው በመኪና ፍጥነት መለኪያ ነው፤ ስቱዋርት ዋርነር የተባለው ኩባንያ ግማሽ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ከግሌን ከርቲስ የገዛውን አውሮፕላን ያበረረ ሲሆን፣ ይህም በዊስኮንሲን የመጀመሪያው በረራ ተደርጎ ይቆጠራል። ኋላ ወደ ተሳቢ ሥራ ዞረ፤ ዋርነር ኤሌክትሪክ የተባለው የፍሬን ኩባንያም በ1927 ተመሠረተ። አንዳንድ ጽሑፎች ዋርነርን «የኤሌክትሪክ ፍሬን ፈጣሪ» ይሉታል። ይህ አባባል መጥበብ አለበት፤ በማግኔት የሚሠራ ፍሬን ከዚያ በፊት በከተማ ትራሞች ላይ ነበርና። የዋርነር ድርሻ ሐሳቡን ለተሳቢ ጎማ የሚመች፣ በፋብሪካ በብዛት የሚመረት ዕቃ ማድረጉ ነው ቢባል ይሻላል።

ከቀደምት መቆጣጠሪያዎች ብዙዎቹ በቀጥታ ከመኪናው የፍሬን ዘይት መስመር ጋር ይገናኙ ነበር። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ ሥርዓት ሲስፋፋ ይህን መስመር መንካት አደገኛ በመሆኑ አሠራሩ ቀረ። ፎርድ በ2005 ሞዴል ሱፐር ዲውቲ ፒክአፕ ላይ መቆጣጠሪያውን ከፋብሪካ አስገጥሞ አቀረበ፤ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉ።

ምርጫ

ዋና ዓይነቶቹ ሁለት ናቸው። ጊዜ ጠባቂው ፔዳሉ ሲረገጥ አስቀድሞ የተወሰነለትን ኃይል ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሹፌሩ በዝግታም ይቁም በድንጋጤ መሣሪያው ልዩነቱን አያውቅም። ተመጣጣኙ ግን የመኪናውን ፍጥነት መቀነስ በውስጡ ባለ መለኪያ ስለሚያነብ ፍሬኑ በጠነከረ ቁጥር የሚልከውም ይጨምራል። ጊዜ ጠባቂው ርካሽ ነው፤ አልፎ አልፎ ቀላል ጭነት ለሚጎትት ሊበቃ ይችላል። ቤተሰብ ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ግን በዋጋ ልዩነቱ መሰሰት አይገባም።

አገጣጠም

ከፋብሪካ የመጎተቻ ዝግጅት ያላቸው ብዙ ኤስዩቪዎች ከዳሽቦርዱ ሥር የተዘጋጀ ሶኬት አላቸው፤ ለሞዴሉ የተሠራው አገናኝ ኬብል ሲሰካ የሽቦው ሥራ ያልቃል። ሶኬት ከሌለ አራት ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል። በተለመደው የቀለም አሠራር ጥቁሩ በአውቶማቲክ ማቋረጫ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ይመጣል፤ ማቋረጫው እስከ 4 ፍሬን ላለው ተሳቢ 20፣ 6 ላለው 30 አምፔር ነው። ነጩ ወደ ነጌቲቭ ይሄዳል። ቀዩ የሚገናኘው ከፍሬን መብራት ማብሪያው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ጫፍ ጋር ነው። ሰማያዊው እስከ ኋላው ባለ 7 ፒን ሶኬት ይዘልቃል። ጥቁሩና ነጩ ከተቀያየሩ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል።

ተዘውትሮ የሚታለፈው ጉዳይ የሽቦው ውፍረት ነው። ሰማያዊው ሽቦ የመኪናውን ርዝመት ስለሚያቋርጥ ከቀጠነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይባክናል፤ የተሳቢው ፍሬንም ይደክማል። ሹፌሩ ግን ይህን ከመሣሪያው ላይ አያነብም፤ ማሳያው የሚናገረው የተላከውን ኃይል እንጂ ማግኔቱ ዘንድ የደረሰውን አይደለምና። ልኩ የሚታወቀው ከኋላ፣ ከማግኔቱ ሽቦዎች ላይ በመለካት ነው። ሽቦው የሞተሩን ክፍል ግድግዳ ሲያልፍ በላስቲክ ቀለበት ውስጥ መግባት አለበት፤ የብረቱ ጠርዝ ልባሱን ይቆርጠዋል።

መሣሪያው እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይታሰራል። የጉልበት ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ግን የኤርባጉን መንገድ መዝጋት የለበትም። ተመጣጣኝ ከሆነ አምራቹ በፈቀደው ማዕዘን፣ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል።

ማስተካከልና የእጅ ማንሻ

በደረቅ ሜዳማ መንገድ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፔዳሉ ሳይነካ የእጅ ማንሻው ብቻ ይገፋል። የተሳቢው ጎማ ከተቆለፈ ኃይሉ ይቀነሳል፤ ካልያዘ ይጨመራል፤ ትክክለኛው ቦታ ከመቆለፉ ጥቂት ዝቅ ያለው ነው። ባዶና ሙሉ ጭነት አንድ ዓይነት ልክ የላቸውም፤ ጭነት በተለወጠ ቁጥር ይደገማል።

ማንሻው ለሙከራ ብቻ የተሠራ አይደለም። ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ወደ ኋላ ጎትቶ ያቃናዋል፤ የመኪናውን ፍሬን አጥብቆ መርገጥ ግን ውዝዋዜውን ሊያብሰው ይችላል። ማንኛውም ጎታች ይህን ከጉዞው በፊት ሊለማመደው ይገባል።

ሕግ

በአሜሪካ ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ፍሬን የሚያስፈልገው ከ750 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በዚያ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ያሉት ተሳቢዎች በአብዛኛው በራሳቸው ግፊት በሚሠራ ፍሬን ስለሚያዙ መሣሪያው ብዙም አይታይም።