በማኅተም የመጡ ሥዕሎችና የጐንደር ሠዓሊዎች

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1591 ዓ.ም. በሮም የነበረው የሜዲቺ ማተሚያ ቤት አንድ የዓረብኛ ወንጌል አወጣ። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶንዮ ቴምፔስታ ሲሆን፣ የታተሙት በእንጨት ላይ ተቀርጸው ነው። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በ17ኛው መቶ ዓመት ለጐንደር ዘመን የብራና ሠዓሊዎች ምሳሌ ሆነ።

ማኅተም በዚያን ጊዜ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ ነበረ። ሠዓሊዎቹ ግን እንግዳውን እንዳለ አልቀዱትም። የታሪኩን አቀማመጥ ወሰዱ፤ ጥላውንና ርቀት የሚያሳየውን አሣሣል አብዛኛውን ተዉት። ጥቁሩን መስመር በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ሞሉት፤ የሥዕሉንም ነገር በግዕዝ ጻፉበት። ይህን ከችሎታ ማነስ የሚቈጥሩ አሉ፤ ፍርዳቸው ግን የተሳሳተ ይመስለናል። ቅዱሳንን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎችን በአንድ ዓይን በሚሥል ልማድ ውስጥ ጥላ ምን ይሠራል?

ሥዕሉ የሚታየው ለአምልኮ ነበረና። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ተአምረ ማርያም በእመቤታችን በዓላት እንዲነበብና ሥዕሏ እንዲከበር ሥርዓት ካቆሙ ወዲህ ሥዕልና ንባብ ተሳስረው ኖረዋል። በመቅደስ ግድግዳ ያለው ሥዕልም ብዙ ጊዜ መጋረጃ አለው፤ ይገለጣል፣ ይሸፈናል።

ዛሬ በአንዳንድ አጥቢያ ከውጭ የመጣ የወረቀት ሥዕል በአሮጌው ሥዕል ፊት ይሰቀላል፤ በሌላውም ቅዳሴውን ለውጭ ቆመው ለሚሰሙ ምእመናን የሚያሳይ ስክሪን ተተክሏል። ስክሪኑ ለሩቁ ሰው ይጠቅማል፤ መጋረጃ ግን የለውም፣ መቼ እንደሚጠፋም የሚወስነው ብዙ ጊዜ ባለሙያው እንጂ ካህኑ አይደለም።