የስኳር በሽታና የልብ አያያዥ ሕዋሳት፤ የአንድ ግንዛቤ ታሪክ

የስኳር በሽታ ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከኢንሱሊን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የ14 ዓመቱ ልጅ ሌናርድ ቶምሰን ይህን መድኃኒት ከተወጋ ወዲህ፣ ቀድሞ ዕድሜው በአጭሩ ይቀጭ የነበረው ሕመምተኛ ብዙ ዓመት መኖር ቻለ። ይሁን እንጂ የዕድሜው መርዘም ሌላ ጥያቄ አስከተለ፤ በሽታው ዓይንን፣ ኩላሊትንና ልብን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ታወቀ።

ስለ ልብ ይሰጥ የነበረው መልስ ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ልብን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች ይጠብባሉ፣ ጡንቻውም ደም አጥቶ ይደክማል የሚለው ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምሉዕ አልነበረም። በልብ ጡንቻ ሕዋሳት መካከል ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ መረብ አለ። ይህን መረብ የሚሠሩትና የሚጠግኑት ፋይብሮብላስት የሚባሉት አያያዥ ሕዋሳት ናቸው። መረቡ የልብን ቅርጽ ይጠብቃል፤ ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን ልብ ይደድራል፣ ደም ለመቀበልም እንደ ልቡ አይላላም።

የአመለካከቱ ለውጥ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሺርሊ ሩብለርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የአራት ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ ውጤት አሳተሙ። አራቱም የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን የጎዳውና የልብ ድካም የነበራቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ለድካሙ ምክንያት የሚሆን የቧንቧ መጥበብ ወይም የልብ በር ጉዳት አልተገኘባቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1974 የፍራሚንግሃም ጥናት ውጤት ወጣ፤ የስኳር በሽታ ያለባቸው ወንዶች ለልብ ድካም ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ከሁለት እጥፍ በላይ፣ የሴቶቹ ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አስታወቀ። በ1977 ቲሞቲ ሪጋንና ባልደረቦቻቸው ዋና ዋና የልብ ቧንቧዎቻቸው ባልተዘጉ ሕመምተኞች ልብ ውስጥ፣ በጡንቻ ክሮች መካከልና በትንንሽ ቧንቧዎች ዙሪያ ኮላጅን ተከማችቶ ማግኘታቸውን ገለጹ።

ታዲያ ስኳር ይህን እንዴት ያደርጋል? አንደኛው መንገድ ከሕክምና ውጪ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 ስኳርና የፕሮቲን ንጥረ ነገሮች አብረው ሲሞቁ እንደሚጠቁሩ አሳይቶ ነበር፤ የዳቦ ቅርፊት የሚጠይመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሰው ገላ ውስጥም ተመሳሳይ ለውጥ በዝግታ ይካሄዳል። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ከኮላጅን ጋር ይጣበቃል፤ ክሮቹንም እርስ በርስ ያስተሳስራል። እንዲህ የታሰረ ኮላጅን በቀላሉ አይፈርስም።

ሁለተኛው መንገድ በሕዋሱ በራሱ በኩል ያልፋል። በ1971 ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቻቸው በሚሽር ቁስል ውስጥ የጡንቻን የመኮማተር ባሕርይ የያዘ ፋይብሮብላስት መኖሩን አሳዩ። ይህ ሕዋስ ማዮፋይብሮብላስት ተባለ። ቁስል ሲድን ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል። የስኳር በሽታ ባለበት ልብ ግን ከፍተኛው የደም ስኳር፣ አንጂዮቴንሲንና ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ፋይብሮብላስቱን ያለ ማቋረጥ ስለሚቀሰቅሱት፣ ቁስል ሳይኖር ጠባሳ መሥራቱን ይቀጥላል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚቀር ትምህርት አለ። ለብዙ ዘመን የተመረመረው ቧንቧው ነበር፤ በመካከል ያለው መረብ ግን እንደ መሙያ ተቆጥሮ ታለፈ። ስለሆነም ቧንቧው ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሕመምተኛ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ሲል፣ ልቡ ደህና ነው ብሎ ማሰናበት አይገባም፤ የልቡ አሞላልም መመርመር አለበት። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት ኢምፓግሊፍሎዚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል መግባትን በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የተሠራ ጠባሳን መፍታት አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ በመሆኑም ስኳርንና የደም ግፊትን ከጅምሩ መቆጣጠር የልብን መረብ ከመደደሩ በፊት መጠበቅ ነው።