ቍናና እፍኝ፤ በኢትዮጵያ ባላገር ቤት የምግብ አሰፋፈር

የአንድ ሕዝብ የልክ ሥርዐት በገበያና በግምጃ ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው በጓዳ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ባላገር ቤት፥ ሚዛን ሳይገባ፥ ለብዙ ዘመን እህል ሲሰፈር፥ ሊጥ ሲቦካ፥ ወጥ ሲሠራ፥ ቀለብም ሲታደል ኖሯል። ይህን ልማድ ሚዛንን ካለማወቅ የመጣ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ቢኖር፥ የቋንቋው ምስክርነት አሳቡን ያፈርስበታል።

አማርኛ ልክን በአንድ ግስ አይናገርም። ጨርቅና መሬት ይለካል፤ ወርቅ ይመዘናል፤ እህል ግን ይሰፈራል። ሚዛንማ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ወርቅና ዝባድ በወቄት ይመዘን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የወቄቱ ማስተካከያ 28 ግራም ያህል የሚከብደው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። እንግዲህ ሚዛን ከጓዳ የቀረው ስላልታወቀ ሳይሆን፥ ለእህልና ለወጥ ሌላ ዐይነት ልክ ስለ ተመደበላቸው ነው።

የጓዳው ልክ ከእጅ ይጀምራል። ጨው በቍንጥር፥ ቆሎ በጭብጥ፥ ሽሮ በእፍኝ ይወሰዳል። ከእጅ ቀጥሎ ዕቃ ይመጣል፤ ቅሉ፥ ጭልፋው፥ ዋንጫውና እንስራው እያንዳንዱ ልክ ነው። እህል ደግሞ በስንደዶና በአክርማ በተሰፋ ቍና ይሰፈራል። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል መብራትን ስለ መሸፈን በተነገረው ምሳሌ፥ የሮማውያኑ የእህል መስፈሪያ ዕንቅብ ተብሎ መተርጐሙ፥ የስፌት መስፈሪያ በየቤቱ ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበረ ያሳያል። በብዙ ስፍራ 20 ቍና አንድ ዳውላ ይባላል፤ ዳውላውም 100 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚገመት፥ አንድ ቍና ወደ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ነገር ግን ቍና የይዘት እንጂ የክብደት ልክ አይደለም። በአንዱ ቍና የተሰፈረ ጤፍና በዚያው ቍና የተሰፈረ ገብስ በሚዛን ላይ እኩል አይወጡም፤ ጤፍ ደቃቅ ስለ ሆነ ተጠጋግቶ ይሞላል፥ ይከብዳልም።

ይህ ሥርዐት በአንድ ቤት ውስጥ በደንብ የሚሠራው፥ የሚያስፈልገው የክብደት መጠን ሳይሆን የአንዱ ከሌላው ጋር መመጣጠን ስለ ሆነ ነው። ጠጅ የምትጥል ሴት ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ ብትጨምር፥ መስፈሪያዋ ቅልም ይሁን እንስራ፥ ማርና ውሃው በዚያው በአንዱ ዕቃ እስከ ተሰፈረ ድረስ ውጤቱ አንድ ነው። እንጀራ በምጣዱ ስፋት ስለሚወሰን ይቈጠራል እንጂ አይመዘንም። ዶሮም በ12 ብልት ተገንጥሎ ሲሠራ፥ የእያንዳንዱ ድርሻ ገና ከድስት ሳይገባ ተለይቶ ያልቃል። ባልትና የሚባለው ሙያ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እጅና ዐይን በአንድ ዕቃ ላይ ዓመታት ሙሉ የተለማመዱት ሒሳብ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ሁለት ቤቶች በአንድ ቍና ፊት ሲገናኙ ነው። ቍና ተነቅንቆና ተከምሮ ሊሰፈር ይችላል፤ ሳይነቀነቅ ከአፉ እኩል ተደርጎም ሊሰፈር ይችላል። አንድ ሰው ሲቀበል በክምር፥ ሲሰጥ በልክ ከሰፈረ፥ ከአንዱ ቍና ሁለት ሒሳብ ይወጣል። ቀለብ ለሚሰፈርለት አሽከር፥ ከመኸር በፊት እህል ለሚበደር ገበሬ፥ ለባለ ርስት እርቦ ለሚከፍል ጢሰኛ፥ ይህ የጥቂት እፍኝ ልዩነት የክረምት ራትን የሚወስን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ለወታደር ስንቅ አሥራት እንዲወጣ ባዘዙ ጊዜም፥ የገበሬው ዕዳ በአውድማው ላይ ባለው ምርት ግምት ላይ ተመሠረተ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ አሥራትን በገንዘብ እስኪተምነው ድረስ፥ የመስፈሪያውና የገማቹ ዐይን ነገር የፍትሕ ነገር ሆኖ ኖረ። «በሰፈሩት ቍና መሰፈር አይቀርም» የሚለውም ምሳሌ ከዚህ ኑሮ የወጣ እንደ መሆኑ፥ ተሰፋሪው በሰፋሪው ላይ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣሳና ስኒ፥ ብርጭቆና ቆርቆሮ ወደ ጓዳ ገቡ። እነዚህ የፋብሪካ ዕቃዎች በመሆናቸው አዲስ ነገር አመጡ፤ የአንዲት ሴት ጣሳ ከጎረቤቷ ጣሳ ጋር ተስተካከለ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1963 የሜትር ሥርዐት በሕግ ሲጸና፥ ኪሎ ግራምና ኩንታል በገበያው ላይ ሠለጠኑ። ጓዳው ግን እፍኝንና ጭልፋን አልተወም፤ በዚያ ሰፋሪዋም ተካፋዩም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸውና፥ የሚያከራክራቸው ነገር የለም።

ስለዚህ በቀድሞ ሰነድ ላይ ይህን ያህል ቍና ወይም ይህን ያህል ዳውላ የሚል ጽሑፍ ያገኘ ተመራማሪ፥ ወደ ኪሎ ግራም ለመለወጥ ሊቸኵል አይገባውም። አስቀድሞ እህሉ ምን እንደ ነበረ፥ አገሩ የት እንደ ሆነ፥ መስፈሪያው በክምር ወይስ በልክ እንደ ተሰፈረ፥ ከሁሉም በላይ ቍናው በማን እጅ እንደ ነበረ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ሳይታወቅ የተሰላ ቍጥር የሰጪውን ድካምና የተቀባዩን ጥቅም በአንድነት ይሸፍናል።