የተራራ በሮቻችን፤ ከፒያሳ እስከ አምባ አላጌ

በአማርኛችን መንገደኛ ከደጋ ወደ ቆላ የሚሾልክበት የተራራ ማለፊያ «በር» ይባላል። ጣርማ በር፣ ቁልቋል በር እንላለን። ስሙን ያወጡት አባቶች አገሩን ያዩት እንደ ቤት ነው። በር ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይጠበቃል፣ ሲብስም ይሰበራል። ስለዚህ በእኛ አገር ስለ ተራራ መንገድ የሚያወራ ሰው ስለ አየሩና ስለ ገደሉ ብቻ አውርቶ ሊጨርስ አይችልም። በሩን ማን ያዘው? ማን ዘጋው? ማንስ ሰበረው? የሚሉ ጥያቄዎች ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከአንድ ወዳጄ ጋር ያደረግሁት ጨዋታ ነው። ወዳጄ አውሮፓ ከሚኖሩ ዘመዶቹ ጋር መኪና ተከራይቶ የአልፕስን ታዋቂ ማለፊያዎች እየነዳ ሊያቋርጥ አቅዷል። ፒያሳ ተቀምጠን ካርታውን ዘርግቶ ጎታርድ፣ ስቴልቪዮ፣ ግሮስግሎክነር እያለ ይቆጥርልኝ ጀመር። የጎታርድን ከፍታ ብጠይቀው 2,106 ሜትር ነው አለኝ። «እኛ እኮ ማኪያቶአችንን የምንጠጣው ከዚያ በላይ ተቀምጠን ነው» አልሁት። ቀልድ ቢመስልም እውነት ነው፤ ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወዳጄ ሳቀ። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። እኛስ የራሳችንን በሮች እንዲህ ካርታ ዘርግተን፣ ለመዝናናት ብለን የምናልፋቸው መቼ ነው?

የወዳጄ መንገዶች ታሪክ ከእኛው ያን ያህል የራቀ አይደለም። 2,757 ሜትር ከፍታ ያለውን ስቴልቪዮን ያሠራችው ኦስትሪያ ናት። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ሎምባርዲያ የተባለው የሰሜን ጣሊያን ግዛት በእጅዋ ስለ ገባ፣ ወታደሯ በፍጥነት ወደ ሚላኖ የሚደርስበት ማለፊያ አስፈለጋት። ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለው መሐንዲስ ከ1820 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አስረከበ። በአንደኛው ዓለም ጦርነት ኦስትሪያና ጣሊያን እዚያው በረዶ ላይ ምሽግ ቆፍረው ተታኩሰውበታል። ዛሬ በሰሜን በኩል ያሉትን 48 ጥምዝምዞች የሚቆጥራቸው ሞተር ብስክሌተኛና ሽርሽረኛ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኦስትሪያው ግሮስግሎክነር ደግሞ ከጅምሩ ለአገር ጎብኚ ታስቦ፣ ሥራ ባጡ ሰዎች ጉልበት የተሠራ ነው። የጦር መንገድ የሽርሽር መንገድ ለመሆን ጊዜ ይፈልጋል፤ ያውም ሰላም ያለበት ጊዜ።

ወደ እኛ እንመለስ። አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን በብዙ ሰው ጉልበት እያስገፋ አመጣው። ንጉሠ ነገሥቱም አዲስ ነገር የሚወዱ ነበሩና ተቀመጡበት። ነገር ግን መኪና ቢመጣ መንገድ የለም። በአራዳ ዙሪያ ከመሽከርከር አልፎ ሰሜን ድረስ ለመዝለቅ ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ መኪና የሚያስኬደው መንገድ የተጠረገው ከጣሊያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያውያን እጅ ነው። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ «የሰሜኑን መንገድ ጣሊያን ሠራልን» የሚለው አባባል የመጀመሪያውን ገጽ ገንጥሎ የሚያነብ ነው። ጠጠር የሌለበት፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ የሚውጠው መንገድ ይሁን እንጂ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የዘመቱት በዚሁ ነው።

ከማይጨው በኋላ ግን ያው መንገድ ጠላትን ይዞ መጣ። የባዶልዮ ሠራዊት ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ያቆመው ነገር ቢኖር ጣርማ በር ነው። ኢትዮጵያውያን በተራራው ትከሻ ላይ የሚያልፈውን መንገድ አፍርሰውት ነበርና፣ ያ ሁሉ መኪና ገደል ላይ ተደርድሮ ቆመ። ወታደሩ አካፋና ድንጋይ ይዞ ሲጠግን ሁለት ቀን ያህል ፈጀበት። በሩ የዘገየውን ያህል አዘግይቶ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን አራዳ በዘረፋና በእሳት ስትታመስ ሰንብታ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ባዶልዮ ከተማይቱን ያዘ።

ጣሊያን በተራው መንገዱን አስፋፋ፤ ድልድይ ሠራ፣ ጠጠርና አስፋልት አፈሰሰ። ጣርማ በር ላይ ተራራውን ፈልፍሎ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አወጣ። ዳገቱ ቀላል አይደለም። ዋሻው ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወርደው ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። በአንድ ሰዓት ጉዞ ካፖርት ከሚያስለብስ ብርድ ሸሚዝ ወደሚያስወልቅ ሙቀት ይገባሉ። የስቴልቪዮ ማለፊያ ጫፍ እንኳ ከዚህ ዋሻ በታች ነው።

መንገዱን ብቻ ሠርቶ አልቀረም፤ ስምም ለጠፈበት። ጣርማ በርን «የሙሶሊኒ ማለፊያ» አለው። በኅዳር 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በኢትዮጵያውያን ድል የተመታበትን፣ አዛዡ ሻለቃ ቶዜሊም የወደቀበትን የአምባ አላጌን ማለፊያ ደግሞ «ቶዜሊ» አለው። አራዳንም አልተዋትም። ገበያዋን ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶን ሲመሠርት፣ የቀረውን ቦታ «ፒያሳ» አለው።

የስሙ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ወደ ሰሜን ሲሸሹ በገዛ እጃቸው የሠሩትን መንገድ እያፈረሱ ሄዱ፤ ከአምስት ዓመት በፊት እኛ ያደረግነውን እነሱ ደገሙት። የኦስታው መስፍን በግንቦት ወር እጁን የሰጠው እዚያው አምባ አላጌ ላይ ነው። በጎንደር በኩል ወልቅፊት በመስከረም 1934፣ ቁልቋል በር ደግሞ በኅዳር ተያዙና ጎንደር ተከተለች። የጦርነቱን ካርታ ያየ ሰው የሚያገኘው የከተማ ሳይሆን የበሮች ዝርዝር ነው።

ዛሬ «የሙሶሊኒ ማለፊያ የት ነው?» ብትሉት ማንም ሾፌር አያውቀውም። የጣርማ በር ዋሻ ብትሉት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። የሚያስገርመው፣ በአዋጅ የተለጠፈው ስም ሲረግፍ በጋራዥ የተለቀመው ቃል መቅረቱ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ባለስትራ፣ ካቻቪቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህን ቃላት ማንም በግድ አልጫነብንም፤ የሰለጠነ እጅ ለሥራው ሲፈልጋቸው ወሰዳቸው። ፒያሳም የቀረችው እንደዚያው ይመስለኛል፤ ባለ ሱቁ፣ ወርቅ ሠሪው፣ ሲኒማ ተመልካቹ የራሱ ስላደረጋት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌ ቤቶቿ ብዙዎቹ ፈርሰው እንኳ ስሟ ከሰው አፍ አልወረደም።

የተራራ መንገዶቹንም የራሳችን ያደረጓቸው በየቀኑ የተመላለሱባቸው ሰዎች ናቸው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጥገናውን ያዘ። በፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው እህልና ጨው ጭነው የሚወጡ ሾፌሮችም ነበሩ። ያ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ ረዳቱ ከላይ ዘሎ ወርዶ ታኮ ከጎማው ሥር ይወትፋል፤ ቢዘገይ ገደሉ አይምርም። ቁልቁለት ሲሆን በፍሬን መተማመን ሞኝነት ስለሆነ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጓሩ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። በሩን በጠመንጃ ያልያዙት እነዚህ ሰዎች በእኔ ግምት ከያዙት ሁሉ ይበልጥ የበሩ ባለቤቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ በሩ ከጦር አልተገላገለም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በማግሥቱ ዓመት ያንኑ የጥንት መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በኅዳር 2014 ደብረ ሲና ደረሰ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የጣርማ በር ስም በየቤቱ ይነሣ ነበር። ከዚያ 85 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አያቶቻችን በሥጋት የጠሩትን ስም እኛም በሥጋት ጠራነው፤ ያውም በዚህኛው ጊዜ በበሩ በዚህም በዚያም የቆመው የአንድ አገር ልጅ ነበር።

እኔም እንደ ወዳጄ አንድ ዕቅድ ጽፌ አስቀምጫለሁ። መነሻ ፒያሳ፤ ቁርስ ደብረ ብርሃን፤ ከዋሻው ሲወጡ ቆም ብሎ የይፋትን ቆላ ማየት፤ አዳር ደሴ። በማግሥቱ ወልዲያንና አላማጣን አልፎ የግራ ካሕሱን ጥምዝምዝ ወደ ኮረም መውጣት፤ ማይጨው ላይ ለወደቁት ቆሞ ጸሎት ማድረስ፤ መጨረሻ አምባ አላጌ። መንገዱ ከአልፕስ የሚያንስበት ነገር አላገኘሁም። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። ወዳጄ ሊነሣ ሲል የሚጠይቀው ስለ በረዶው ነው፤ እኛ ግን ዘመድ ዘንድ ደውለን «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» እንላለን። ይህ ጥያቄ አስፈላጊ መሆኑ የሚቀርበት እሑድ ሲመጣ፣ አንድ የፒያሳ ቤተሰብ ልጆቹን ጭኖ «እስቲ ጣርማ በር ደርሰን እንምጣ» ሲል፣ ያን ጊዜ በሩ በእውነት ተከፈተ እላለሁ።