የአዞ እርባታና የእኛ በጎች

እኛ የሞጣና የቢቸና ሴቶች አዞን የምናውቀው በፍርሃት ነው። በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከፈረሰ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት ዓባይን በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በዓባይ በረሃ ውሃ ደግሞ አዞ አለ።

አርባ ምንጭ ላይ ግን መንግሥት በ1970ዎቹ የአዞ እርባታ አቋቋመ። በዱር እናቲቱ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ 3 ወር ያህል ትጠብቃለች። በእርባታው ይህን ድካም ሰው ተረከበ፤ እንቁላልና ግልገል ከሐይቅ ዳር ሰብስቦ፣ ሥጋ እየቀለበ አሳድጎ፣ ቆዳውን ለውጭ ገበያ ያቀርባል። የቆዳ ገዢ ሲጠፋ ግን አዞው መብላቱን አያቆምም።

ለፋሲካ ያደለብነው በግም እንዲሁ ነው፤ በዓሉ ካለፈ ዋጋው ይወርዳል፣ ቀለቡ አይቀርም። ስለዚህ ከማኅበራችን ብድር ስንወስድ ከበጉ በፊት ገዢውን እናስብ።