የእንጨት ማዕዘን ታሪክ፤ ከአክሱም እስከ ሜኔሊክ አደባባይ

ጅቡቲ ከተማን የጎበኘ ሰው የሜኔሊክን አደባባይ ሳያይ አይመለስም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ከወጣች ወዲህ አደባባዩ በይፋ የሚጠራው ነፃነት በታወጀበት ቀን፣ በጁን 27 ስም ቢሆንም፣ የቀድሞ ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም። ዙሪያውን የከበቡት ነጫጭ ቤቶች በረድፍ በተደረደሩ ቅስቶች የተዋቡ ናቸው። የጥንቱ ከተማ ግንብ በብዛት የተሠራው ኮራል ከተባለው የባሕር ድንጋይ ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም የድንጋይ ቅስት ሲሠራ አስቀድሞ የሚቆመው እንጨት ነው። ድንጋዩ ተያይዞ ራሱን እስኪችል ድረስ ግማሽ ክብ የሆነ የእንጨት ድጋፍ ከሥር ይሸከመዋል፤ ከዚያም ተነቅሎ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ደጅና መስኮትም ሲጨመር፣ አንድ ዓይነት የእንጨት ማዕዘን ደጋግሞ መሥራት የግድ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው። አንድን ማዕዘን አንድ ጊዜ ሳይሆን መቶና ሺህ ጊዜ እኩል አድርጎ መቁረጥ እንዴት ተቻለ?

ጅቡቲ በጎዳ ተራራ ላይ ካለው የዳይ የጥድ ደን በስተቀር ይህ ነው የሚባል ደን የላትም። ከቀይ ባሕር ወደቦች ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። በሱዋኪንና በጅዳ የታወቁት ጌጠኛ የመስኮት ሰገነቶች የተሠሩት ከህንድና ከጃቫ በመርከብ በመጣ ቲክ በሚባል እንጨት ነበር። የካይሮ ባለሙያዎች ደግሞ «መሽረቢያ» ለሚሉት የመስኮት ግርዶሽ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ እንጨቶችን አድቦልቡለው፣ ያለ ምስማርና ያለ ኮላ አንዱን በሌላው ቀዳዳ እያስገቡ ያያይዙ ነበር። ይህን ያደረጉት ለውበት ብቻ አይደለም። በዚያ ሙቀት ትልቅ ጣውላ በምስማር ቢቸነከር ይሰነጠቃል፤ ትንንሹ እንጨት ግን በየቀዳዳው ውስጥ ለመላወስ ቦታ አለው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እንጨት ከተቆረጠ በኋላ እርጥበቱ እየወጣ ሲሄድ በቁመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጎኑ ግን እንደ ዛፉ ዓይነት ከመቶ 3 እስከ 10 ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ የሁለት ጣውላዎች ጫፍ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ሲጋጠም ለዕለቱ ያማረ ማዕዘን ይወጣዋል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ከውስጥ በኩል አፉን ይከፍታል። በዚያ ላይ የተጋጠሙት ፊቶች ለስላሳ ስለሆኑ ኮላ ተቀብተው በሚጠበቁበት ጊዜ ይንሸራተታሉ። መስኮት ወይም የሥዕል ክፈፍ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ምስጥ በሚበዛበት በዚያ ምድር ከሐዲዱ ሥር የተነጠፉት አግዳሚዎች እንኳ የብረት ነበሩ። በዚህ መንገድ ቆርቆሮና ምስማር በየጊዜው ወደ ደጋው ወጣ። በበኩሌ የምስማር መርከስ ለአናጢ በጎም መጥፎም ውለታ ውሏል እላለሁ፤ ሥራውን ሲያፈጥንለት ማዕዘን የማቆላለፍ ልማዱን ደግሞ አስረሳው።

ያ ልማድ በአገራችን ጥንታዊ ነው። በትግራይ በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግንቡ ድንጋይና እንጨት ተራ በተራ እየተነባበሩ የተሠራ ነው። በግንቡ ፊትና ጀርባ ረጃጅም ወራጆች ይጋደማሉ። በእነሱ ላይ አጫጭር እንጨቶች ግንቡን አቋርጠው ያልፋሉ። እያንዳንዱ አጭር እንጨት ወራጁን በሚነካበት ቦታ ተቦርቡሮ ስለሚቆላለፍ፣ የፊቱና የኋላው ወራጅ እንዳይለያዩ አንቆ ይይዛቸዋል። ጫፉ ወደ ውጭ ክብ ሆኖ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። (ስሙን ያወጣለት ሰው መልኩን እንጂ ሥራውን ልብ ያለው አይመስልም።) የበሩና የመስኮቱ መቃን ደግሞ በአራቱም ማዕዘን አራት ማዕዘን ጫፍ ያላቸው እንጨቶች አሉት። ጉበኑና መቃኑ ከእነዚህ ጋር ተቆላልፈው ይቆማሉ። ማዕዘኑ በ45 ዲግሪ አይቆረጥም፤ እንጨቱ ሙሉ ጉልበቱን እንደያዘ ከማዕዘኑ አልፎ ይወጣል። ቢኮማተርም የሚይዘው መቆላለፉና የግንቡ ክብደት ስለሆነ አይፈታም።

ይህ አሠራር የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። የአክሱም ጠራቢዎች በሐውልቶቹ ላይ የቀረጹት ይህንኑ የእንጨት ሥራ ነው። ተሰባብሮ የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 የተተከለው 24 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ላይ የዝንጀሮ ራሱ፣ መስኮቱና የማዕዘኑ ጫፍ በየደርቡ እኩል ይደጋገማል። በላስታ በዋሻ ውስጥ በቆመው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨቱ ራሱ ይታያል፤ በላሊበላ ደግሞ መስኮቶቹ ይህንኑ መልክ ከዓለት ተጠርበው አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 በሊትማን መሪነት የመጣው የጀርመን ጉባኤ ይህን አሠራር በሥዕል መዝግቦታል፤ የደብረ ዳሞውን ቤተ ክርስቲያንም በ1948 እንግሊዛዊው ማቲውስ አድሶታል። እንግዲህ አንድን ማዕዘን በብዛትና በእኩልነት መሥራት ከውጭ በባቡር የመጣ አሳብ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ልኩ በማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ነው፤ በአክሱም ልኩ የነበረው በአናጢው ዓይንና እጅ ነበር።

ልኩን ከእጅ ወደ መኪና ያዛወሩት እንግሊዞች ናቸው። ሳሙኤል ቤንተም እ.ኤ.አ. በ1791 እና በ1793 ለእንጨት ሥራ መኪናዎች የባለቤትነት ፈቃድ አወጣ። ከዚያም በፖርትስመዝ የጦር መርከብ መሥሪያ ቤት ብሩኔል በነደፋቸውና ሞድስሌ በሠራቸው 45 ያህል መኪናዎች የመርከብ ገመድ መዘውሮች ይመረቱ ጀመር። በ1808 በዓመት 130,000 ያህል መዘውር ይወጣ ነበር። ቀድሞ 110 ባለሙያዎች የሚሠሩትን 10 ሰዎች ሠሩት ይባላል። የቀሩት መቶ ባለሙያዎች ወዴት ሄዱ የሚለውን ጥያቄ ተማሪዎች ቢወያዩበት ጥሩ ነው።

የዚህ ዘር የሆነው የዛሬው መኪና ለ45 ዲግሪው ችግር ያገኘው መፍትሔ ጥርስ ነው። በቋሚ ዘንግ ላይ የሚሽከረከር ምላጭ የጣውላውን ጠርዝ በ45 ዲግሪ ሲቆርጥ፣ በቁራጩ መካከል አንድ ጥርስና አንድ ጎድጓዳ አብሮ ይቀርጻል። ጥበቡ አንዱ ምላጭ ሁለቱንም ወገን መቁረጡ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጣውላ በመኪናው ገበታ ላይ ተጋድሞ ያልፋል፤ ሁለተኛው ከጎን ድጋፉ ጋር ተጣብቆ ቆሞ ያልፋል። ከዚያ የአንዱ ጥርስ በሌላው ጎድጓዳ ይገባል። ኮላ የሚይዝበት ገጽ ይሰፋል፤ ሲጠበቅም አይንሸራተትም። ውስጡ ባዶ የሆነ ዓምድ ከአራት ጣውላዎች ለመሥራት ይህን የሚያህል የለም። በብዛት በሚመረትበት ቦታ ሁለት መኪና ይዘጋጃል፤ አንዱ ለተጋደመው፣ ሌላው ለቆመው፤ በየጊዜው ልክ ማስተካከል ቀርቶ ጣውላው ያለማቋረጥ ይነዳል።

ታዲያ አስቸጋሪው መቁረጡ ሳይሆን ማስተካከሉ ነው። የምላጩ እምብርት ከጣውላው ውፍረት እኩሌታ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ስለዚህ ጣውላዎቹ ሁሉ አስቀድመው በአንድ ውፍረት ይላጋሉ፤ ከዚያው ውፍረት በተቆረጠ ትርፍራፊ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞከራል። ልኩ ጥቂት ከተዛነፈ የመጀመሪያውም መቶኛውም ጣውላ እኩል ይበላሻል። የእጅ አናጢ ስሕተቱን በሚቀጥለው እንጨት ያርማል፤ መኪናው ግን ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይደግመዋል። ሌላው አደጋ የ45 ዲግሪው ጫፍ እንደ ምላጭ መሳሳቱ ነው፤ ከኋላው ደጋፊ እንጨት ካልተደረገ ይሰባበራል።

እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ ነበር። እንዲህ ባለው ትምህርት ላይ ያሉ መምህራን መኪና ባይኖራቸውም ከሁለት የዋንዛ ቁራጮች አንዱን በደብረ ዳሞ ዓይነት አቆላልፈው፣ ሌላውን በ45 ዲግሪ ቆርጠው በኮላ አጋጥመው ክፍል ውስጥ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። እንጨቱ ከመሰንጠቂያው እንደወጣ ያለ እርጥብ ይሁን። በበጋ ወራት ሁለቱም ይደርቃሉ፤ የትኛው ማዕዘን ቀድሞ እንደሚከፈት፣ በስንት ቀንና በስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ለክተው በደብተራቸው ይጽፋሉ።