የምልከታ አውሮፕላን

በወታደራዊ አቪዬሽን ጽሑፎች ውስጥ «ኦብዘርቬሽን ኤርክራፍት» የሚል ስም ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን «የስለላ አውሮፕላን» ብለን እናልፈዋለን። ያሳስታል። የስለላ አውሮፕላን ከፍ ብሎ ወይም ፈጥኖ በመብረር በካሜራና በራዳር የሌላውን ወገን ሚስጥር ለቃቅሞ የሚመለስ ነው። ይኸኛው ግን ዝቅ ብሎ በዝግታ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ሲሆን ዋና መሣሪያው ውስጡ የተቀመጠው ሰው ዐይን ነው። «ቅኝት» ለሁለቱም ስለሚውል ልዩነቱን አያሳይም። ስለዚህ «የምልከታ አውሮፕላን» እንበለው።

አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነቱ «ኦ» የሚል መለያ ፊደል ሰጥተውታል። የታወቀው ኦ-2 ሴስና ኩባንያ ለግል ባለቤቶች ይሸጠው ከነበረው ሞዴል 337 የወጣ ነው፤ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ለቬትናም ጦርነት ከ500 በላይ ገዝቷል። ጄት አብራሪ በዚያ ፍጥነቱ ከዛፍ ሥር ያለውን መለየት አይችልም። የኦ-2 አብራሪ ግን አካባቢውን ደጋግሞ እየዞረ ዒላማውን ያገኛል፣ ጭስ በሚያወጣ ሮኬት ምልክት ያደርግበታል፣ ከዚያ ጄቶቹን በሬዲዮ ይመራል።

አሠራሩም ለየት ያለ ነው። አንዱ ሞተር ከፊት ሆኖ ይስባል፣ ሌላው ከተሳፋሪው ክፍል ኋላ ሆኖ ይገፋል። ሌሎች ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖች አንዱ ሞተራቸው ሲጠፋ ወደ ጎን ይጠመዘዛሉ፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መልካምነቱ ራሱ መዘዝ አለው፦ የኋላው ሞተር መቆሙን ሳያውቁ ለመነሳት የሞከሩ አብራሪዎች ነበሩ።

አሜሪካ አውሮፕላኖቹን ከአገልግሎት ስታወጣ ከፊሎቹ ወደ ትናንሽ አየር ኃይሎች ሄዱ። ኤል ሳልቫዶር በ1980ዎቹ ለእርስ በርስ ጦርነቷ ተጠቀመችባቸው። ለእኔ ይበልጥ የሚስበኝ የናሚቢያ ታሪክ ነው። በ1990 ነፃነቷን ያገኘችው ናሚቢያ ከ800 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት፤ ሕዝቧ ግን በዚያን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። በ1994 ከአሜሪካ ስድስት ያገለገሉ ኦ-2 ተቀበለች፤ የአየር ክፍሏም ሥራ የጀመረው በእነዚሁ ነው። የታሰቡት አውራሪስና ዝሆን የሚገድሉ ሕገወጥ አዳኞችን ለመከታተል ነበር። ለዚህ ሥራ ተዋጊ ጄት ምን ይሠራል? የሚፈለገው ለሰዓታት አየር ላይ ቆይቶ፣ የእግር ዱካና የመኪና መንገድ ተመልክቶ፣ መሬት ላይ ላሉት ስካውቶች በሬዲዮ የሚናገር ነው። የኦ-2 ክንፍ ከጣሪያው በላይ ስለሆነ ወደ ታች ለማየት አይጋርድም፤ ለወታደሩ ሲሠራ ደግሞ ተጨማሪ መስኮቶች ተከፍተውለታል።

«ያገለገለ» የሚለው ቅጽል ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ናሚቢያ ስትረከባቸው አውሮፕላኖቹ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። የሲቪሉ ወንድማቸው በብዛት በመሠራቱ መለዋወጫ ከገበያ ይገኛል፤ ነገር ግን ሴስና ምርቱን በ1980 ስላቆመ የሚገኘውም ቢሆን እየጠበበ የሚሄድ ነው። ስጦታ ነው ተብሎ የመጣውን አውሮፕላን ጥገናው ያስከፍላል። መካኒክ ማሠልጠን አለ፣ ፕሮፔለርና ሞተር በየጊዜው ማሳደስ አለ።

ነዳጁም የራሱ ጣጣ አለው፤ ስለ እነዚህ አውሮፕላኖች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ይመስለኛል። የኦ-2 ሞተሮች ባለፒስተን ስለሆኑ የሚጠጡት የአቪዬሽን ቤንዚን ነው። ጄቶችና አብዛኞቹ ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮች ግን የሚሄዱት ላምባ መሰል በሆነው የጄት ነዳጅ ነው፤ በብዙ የአፍሪካ አየር ማረፊያዎች በቀላሉ የሚገኘውም እሱ ነው። ስለዚህ ለስድስት ትናንሽ አውሮፕላኖች ሲባል የተለየ ነዳጅ መግዛት፣ በተለየ ታንከር ማጓጓዝና አራዊቱ በሚጠበቁበት ፓርክ አጠገብ ባለው የአፈር ሜዳ ላይ በበርሜል ማስቀመጥ ያስፈልጋል።